የፊት እግሯን ያጣች እስስቴ መብላት አቆመችብኝ

ልብስ ሰፊው፣ አራዳ
ነሐሴ 5

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ስለ እስስት ነው። መሳቅ የፈለገ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ የሚያውቅ ደግሞ ይምከረኝ።

ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። መጋቢት ላይ ቀሃ ወንዝ ዳር ልጆች ተሰብስበው በድንጋይ ሲወግሯት ደረስኩ። እስስት ከነካች ትመርዛለች ተብለው ያደጉ ናቸው፤ የሚወግሩት ከፍርሃት ነው። እኔም በልጅነቴ ወግሬ አውቃለሁ። ሳነሣት የቀኝ የፊት እግሯ ከአንጓው ተጨፍልቆ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። አታድርም ብዬ በጫማ ካርቶን አስቀመጥኳት። አደረች። በሳምንቱ የተንጠለጠለው ወደቀ፤ ዛሬ ቁስሉ ድኖ ጫፉ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ሆኖ ደንድኗል።

ስሟ ቀለሜ ነው። ከሦስቱ ልጆቼ ይልቅ ቀለም የገባት እሷ ናት እያልኩ እተርባቸዋለሁ።

የምትኖረው ሱቄ ውስጥ፣ የተሰፋ ሱፍ ለመንገደኛ በማሳይበት መስታወት ውስጥ ነው። ፀሐይ ካለ ጠዋት ፊት ለፊት ይመታዋል። በባዶ እንጨት ላይ ስትንሸራተት ስላየሁ ቅርንጫፎቹን በኮት ገበር ቁራጭ ጠቀለልኩላት፤ ገበር ለስላሳ ነውና እንዳይሻክራት ብዬ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የቀድሞው ጭራሮ ሲደርቅ ደግሞ ከአጥራችን ቅንጭብ ቆርጬ አስገባሁ፤ ቅንጭብ ተቆርጦም ቶሎ አይጠወልግም። ውኃ በጣሳ ክዳን አስቀምጥላታለሁ። ሲበርድ ከሰል የጨመርኩበትን ካውያ አጠገቧ አኖራለሁ። ባጭሩ እንደ ሙሽራ ነው የያዝኳት።

ይህን ሁሉ ሆኜላት ከሐምሌ 29 ጀምሮ አልበላችም። ጎረቤቴ ወይዘሮ «ፍልሰታ ገብቶ የለ፣ እሷም እየጾመች ነው» ብላ ቀለደችብኝ። ጾሙ የገባው ነሐሴ 1 ነው፤ ቀለሜ ሁለት ቀን ቀድማናለች። ግራ ዓይኗን በጠራራ ቀን ጨፍና ትውላለች። ፌንጣ ሳቀርብላት በቀኝ ዓይኗ ታየዋለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። አንዳንዴ ምላሷን ብትወረውርም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሌላው የሚያሳዝነኝ አረማመዷ ነው። የተቆረጠውን እጇን ወደ ፊት ትዘረጋና ጣት ያላት ይመስል አየሩን ልትጨብጥ ትሞክራለች። ስታጣው ሚዛኗ ይሄዳል። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ወድቃለች።

አጠገቤ አንጥረኛ ስላለ በወርቅ ሚዛኑ እንመዝናታለን። ሰኔ ላይ 41 ግራም ነበረች፤ ትናንት 36።

አፏን በግድ ከፍቼ ላብላት? ወተት ስጣት ያለኝም አለ። ልጄ ደግሞ የቡሄ ጅራፍ ሲጮህ ደንግጣ ትሞታለች ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። መላ በሉኝ።

ከሳሙና በር
ነሐሴ 5

ወንድሜ፣ ደግ ሥራ ሠርተሃል፤ ይህን አልክድህም። ነገር ግን እስስት የቤት እንስሳ አይደለችም። የዱር እንስሳ ይዞ ለማኖር ፈቃድ ያስፈልጋል። ቁስሏ ከዳነ አምስት ወር ሙሉ መስታወት ውስጥ ምን ታደርጋለች? ጌሾ ውስጥ መልሳት። ጅራቷ እንደ እጅ የሚይዝላት እንስሳ በሦስት እግር ዛፍ ላይ መኖር አያቅታትም። ሱፍ ለመሸጥ ማሳያ ያደረግሃት እንዳይመስልብህ።

ሐኪሟ፣ አዘዞ
ነሐሴ 5

ጋሼ፣ እኔ በአብዛኛው የማክመው ላምና የጋሪ ፈረስ ነው፤ ይሁን እንጂ የገበሬ ልጆች እያመጡልኝ ዔሊና እስስትም በእጄ አልፈዋል። ከሁሉ በፊት ሦስት ነገር ይንገሩኝ። ከኩሷ ጋር የሚወጣው ነጩ ክፍል አሁንም ነጭ ነው ወይስ ቢጫ ሆኗል? ቀኝ ዓይኗ እንደ ቀድሞው ወጣ ያለ ነው ወይስ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል? ከመስታወቱ ወጥታ በቀጥታ ፀሐይ የሞቀችው መቼ ነው?

መልሱ እስኪደርሰኝ ድረስ አፏን በግድ አይክፈቱ። መንጋጋዋ ስስ ነው፤ አጥንቷ ለስልሶ ከሆነ ደግሞ እጅዎ ላይ ይሰበራል። ውኃ የጎደለው አካል ምግብ ቢገባለትም በወጉ አይፈጨውም፤ ስለዚህ ውኃው ይቀድማል። ወተት ጡት ለሚጠባ ፍጥረት ነው፤ ለእሷ ተቅማጥ ከማምጣት አልፎ የሚሠራው የለም። ከሰሉን ግን ዛሬውኑ ያውጡልኝ። በተዘጋ መስታወት ውስጥ የከሰል ጭስ እርስዎንም አይምርም፤ እሷ 36 ግራም ናት። የደጋ እስስት የጎንደርን ብርድ ትችለዋለች፤ ሌሊት ቀዝቅዛ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ነው የኖረችው።

ልብስ ሰፊው፣ አራዳ
ነሐሴ 6

ከሳሙና በር ለጻፍክልኝ ወንድሜ፤ የሱፉ ነገር ትንሽ ነክቶኛል፣ ምክንያቱም ውሸት አይደለም። ሰው እሷን ለማየት ይቆምና ሱፉንም ያያል። ሆኖም የማትበላ እንስሳ በክረምት ዝናብ መሃል አውጥቼ አልጥልም። ስትበላ እንነጋገራለን።

ሐኪሟ እግዜር ይስጥሽ። ነጩ ብርቱካናማ ሆኗል። ዓይኗ ሰርጉዷል፤ እኔ ግን ከስታ ነው ብዬ ነበር። በጣሳ ክዳን ያለውን ውኃ ስትጠጣ አይቼ አላውቅም። በቀጥታ ፀሐይ ወጥታ አታውቅም፣ ነገር ግን መስታወቱ ፀሐይ ያገኛል ብያለሁ እኮ።

ሐኪሟ፣ አዘዞ
ነሐሴ 6

ጋሼ፣ መስታወቱ ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ለእሷ የሚያስፈልገውን የፀሐይ ጨረር ግን እደጅ ያስቀረዋል። ያ ጨረር ቆዳዋን ሲያገኘው ነው ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው። ቫይታሚን ዲ ከሌለ የበላችው ካልሲየም በአንጀቷ አልፎ ይሄዳል፣ አጥንቷ አያገኘውም። አጥንት ሲለሰልስ እግር ይጎብጣል፤ ጡንቻም ይደክማል። ምላሷ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀረው ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ቀለሜ ለአምስት ወር በብርሃን ውስጥ ተቀምጣ ፀሐይ ያላገኘች ናት ማለት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ፀሐያችን ኃይለኛ ነው፣ ደመና ባለበትም ጨረሩ ጨርሶ አይጠፋም። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ያውጧት። በመስታወቱ ሳይሆን አየር በሚያሳልፍ ነገር፣ ጥላም ባለበት፤ ሲበቃት ራሷ ወደ ጥላው ትገባለች።

ውኃውን በተመለከተ፣ እስስት የቆመ ውኃ ውኃ አይመስላትም። ቅጠል ላይ ጠብ ሲል፣ ሲያብረቀርቅ አይታ ነው የምትልሰው። ልብስ ሲተኩሱ የሚረጩበት ዕቃ አለዎት አይደል? ስታርች ያልነካው ንጹሕ ይሁንና ለብ ባለ ውኃ ጠዋትና ማታ ቅጠሉን ይርጩላት፤ ፊቷ ላይ ሳይሆን እንደ ካፊያ ከላይ። ከመድኃኒት ቤት አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ቢገዙ ደግሞ የበለጠ ነው፤ በላይ ጠርሙስ ይሰቅሉና በመቆጣጠሪያው ጠብታውን ያዘገዩታል።

ጎንደሬ በጀርመን
ነሐሴ 6

ሰላም ለጎንደር ሰዎች። እዚህ እስስት ሳሳድግ 11 ዓመቴ ነው፤ አንዷ አንድ ዓይን ብቻ ነበራት። ለሰው ሠራሽ ፀሐይ መብራት በየዓመቱ የማወጣውን ብር ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ፤ እናንተ ደጅ ማውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ሐኪሟ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም አልፋችሁታል። ልብስ ሰፊው፣ *ቅንጭብ* ነው ያልከው? ያን ነጭ ወተት የሚያወጣውን? እናቶቻችን «በነካህበት እጅህ ዓይንህን እንዳታሽ» እያሉ የሚቆጡን እኮ ለዚህ ነው። ወተቱ ዓይን ያቃጥላል። የእስስት ዓይን ከሽፋኑ መሃል በትንሽ ቀዳዳ ብቻ የሚያይ ነው፤ ጠብታ ከገባበት እንደ እኛ በእጇ ጠርጋ አታወጣውም። በሐምሌ አጋማሽ ቅንጭብ ገባ፣ በሐምሌ መጨረሻ ዓይኗ ተጨፈነ። አሁኑኑ አውጣው፤ ገበሩንም ጭምር፣ ወተቱን ጠጥቷልና።

ገበሩ ያለ ቅንጭቡም ቢሆን ጥሩ አልነበረም። የእስስት የፊት እግር ጣቶች ሦስቱ ወደ ውስጥ፣ ሁለቱ ወደ ውጭ ተጣብቀው እንደ ጉጠት የሚይዙ ናቸው፤ የኋላዎቹ በተገላቢጦሽ። ጉጠት የሚይዘው ክብና ሻካራ ነገር ነው። የሐር ገበር ላይ ሙሉ እግር ያላትም ትንሸራተታለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተተረተረው ክር ነው፤ ጣት ላይ ከተጠመጠመ ደም ያቆማል። እግሮቿን በደንብ እያቸው።

ልጅህን ከእኔ ሰላም በለው። እስስት የጆሮ ቀዳዳ የላትም፤ የመስማት አቅሟ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለቡሄ ጅራፍ አትደነግጥም። የምትደነግጠው መንገደኛው ሁሉ በመስታወት ሲያፈጥባት ነው።

ልብስ ሰፊው፣ አራዳ
ነሐሴ 6፣ ማታ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ቅንጭቡን አወጣሁ። ከዚያ ጥልፍ የማይበትን አጉሊ መነጽር አድርጌ ቀለሜን በመዳፌ ገልብጬ እግሮቿን አየሁ። የግራ የኋላ እግሯ ላይ፣ ከውጭ በኩል ባሉት ሦስት ጣቶች ሥር አንድ ነገር አብለጨለጨ። ክር ነው። ቡናማ የገበር ክር፣ ሁለት ዙር። ቆዳው ውስጥ ሊገባ ትንሽ ቀርቶት ነበር፣ ከክሩ ወዲያ ያለው ጣት አብጧል። ሠላሳ ዓመት ክር ስቆርጥ እንደዚያ እጄ ፈርቶ አያውቅም። በመርፌ ቀዳዳ በኩል ከፍ አድርጌ በጥልፍ መቀስ ጫፍ ቆረጥኩት። እሷ በቀኝ ዓይኗ ፊቴን፣ መቀሱን፣ እንደገና ፊቴን ታያለች። አልነከሰችኝም።

ጣቱ ይተርፋል? ሁለተኛ እግር በእኔ ክር ልታጣ ነበር።

ሐኪሟ፣ አዘዞ
ነሐሴ 7

አይዞዎት ጋሼ። ጣቱ እስካልጠቆረና እስካልደረቀ ድረስ ደም እየዞረበት ነው፤ በየቀኑ እያዩ ይንገሩኝ። ከጠቆረ ግን ይዘዋት ይምጡ፣ ወይም እዚያው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለ ወደዚያ ይውሰዷት።

ለዓይኗ ከመድኃኒት ቤት የታሸገ የጨው ውኃ፣ ኖርማል ሳላይን የሚሉትን ይግዙ። በእጅዎ ሙቀት ለብ ያድርጉትና በቀን ሁለት ጊዜ ጥቂት ጠብታ፤ ሽፋኑን በጣት አይክፈቱ፣ ራሷ ዓይኗን እያሽከረከረች ታጥበዋለች። ቤት ውስጥ የተረፈ የሰው የዓይን ቅባት እንዳይጨምሩ አደራ። አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አላቸው፤ የዓይኗ ብሌን ቆስሎ ከሆነ ስቴሮይድ ቁስሉን ያብሰዋል።

ለካልሲየሙ የእንቁላል ቅርፊት ይበቃል። አሥር ደቂቃ ቀቅለው፣ ምጣድ ላይ አድርቀው፣ ወቅጠው በወንፊት ይንፉት፤ ዱቄቱ እንደ ታልክ ፓውደር መላም አለበት። ፌንጣውን ከማቅረብዎ በፊት በላስቲክ ውስጥ ከቁንጥጫ ዱቄት ጋር ነቅነቅ ያድርጉት። ነፍሳት ፎስፈረስ ይበዛባቸዋል፣ ካልሲየም ያንሳቸዋል፤ ለዚህ ነው ብቻቸውን የማይበቁት።

ልብስ ሰፊው፣ አራዳ
ነሐሴ 7

የእንቁላል ቅርፊት በፍልሰታ? ሐኪሟ፣ በሰፈራችን ከእንቁላል ቅርፊት ይልቅ ወርቅ ይገኛል።

የልጆች እናት፣ ፒያሳ
ነሐሴ 7

ሆቴል ማብሰያ ቤት ነው የምሠራው። ጾም ቢሆንም ለእንግዶች ጠዋት ጠዋት እንቁላል እንጠብሳለን፤ ቅርፊቱ የሚጣል ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ በጓሮ በር ብቅ በሉ፣ በላስቲክ አድርጌ አስቀምጣለሁ። እስስቷን ግን ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ እኔ እፈራለሁ።

ጎንደሬ በጀርመን
ነሐሴ 8

አሁን ስለ ቤቷና ስለ አበላሏ ልንገርህ፤ ይህ ነው ለአካል ጉዳተኛ እስስት ዋናው ነገር።

ከፍታውን ቀንስ። ጤነኛ እስስት ከፍ ማለት ትወዳለች፤ ያንተዋ ግን ትወድቃለችና ከፍተኛው ቅርንጫፍ ከመሬት ከአንድ ክንድ አይለፍ፣ ከሥሩ ደረቅ ቅጠል ይነጠፍ። ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ ሳይሆን ጋደም አድርገህ አስራቸው፣ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን። የተቆረጠ እጇን ስትዘረጋ አየር ሳይሆን ሁለተኛው እንጨት ያገኛታል፤ መጨበጥ ባትችል ትደገፍበታለች። የወይራ ወይም የጌሾ ቅርንጫፍ ከነቅርፊቱ፣ ውፍረቱ የቀሩት እግሮቿ ዙሪያውን የሚይዙት ዓይነት፣ እንደ ጣትህ ቢሆን ጥሩ ነው። ለግድግዳው የመስኮት ወንፊት ተጠቀም፤ አጎበር አይሁን፣ ጥፍሯ ይያዝበታል። አንተ ልብስ ሰፊ ነህ፣ ሌላውን ታውቅበታለህ።

ለመብል የሃይላንድ ጠርሙስ ቁረጥ፤ የታችኛውን ስድስት ጣት ያህል። አንዱን ጎን በውስጥ በኩል በወንፊት ሸፍነው፣ ፌንጣው ተንጠላጥሎ እንዲታያት፤ ሌላው ጎን ለስላሳ ስለሆነ አያመልጥም። ኩባያውን ከምትወደው ቅርንጫፍ ፊት ለፊት ምላሷ በሚደርስበት እሰረው። እንደዚህ ሲሆን እያሳደደች አትወድቅም። የአንድ ዓይኗ ነገር አያስጨንቅህ፤ እስስት ርቀት የምትለካው እንደ ካሜራ እይታዋን በማጥራት ስለሆነ በአንዱም ትገምታለች፣ የሚያስፈልጋት ጊዜ ነው። የኔዋ አንድ ዝንብ ላይ አምስት ደቂቃ ታፈጥ ነበር። ዝንቡ ቢሄድ እሷ እዚያው ናት።

የፌንጣው ርዝመት ከጭንቅላቷ ስፋት አይብለጥ፤ እሾሃማ የኋላ እግሮቹን ንቀልለት። አንድ ቀን ቀደም ብለህ ፌንጣውን ራሱን ጎመን አብላው። ቆስጣ አይደለም፣ ቆስጣ ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል፤ ጎመን። መድኃኒት ከተረጨ አትክልት ቦታ ወይም የበረሮ መድኃኒት ከተነፋበት ቤት የመጣ ነፍሳት በፍጹም አትስጣት። ያልበላችውንም ማታ አውጣ፤ የተራበ ፌንጣ ሌሊት የተኛችውን ያኝካል፣ ቁስል ያለበትን ቦታ ደግሞ ይመርጣል።

ልብስ ሰፊው፣ አራዳ
ነሐሴ 20

ዘገየሁ፤ ለእንቁጣጣሽ የተያዘ ስፌት ወጥሮ ይዞኛል።

ቤቷን ሰፋሁላት፤ አዎ፣ ሰፋሁላት። የእንጨት ፍሬም አናጺው ጓደኛዬ ሠራው፣ ወንፊቱን እኔ በድርብ ስፌት ዙሪያውን ገጠምኩት፣ ክሩ ሁሉ በውጭ በኩል ነው። ከመንገድ ወደ ጓሮ አዛውሬያታለሁ። የመስታወቱ ቦታ አሁን ሱፍ ብቻ ነው፤ የቆመ ሰው ቀንሷል፣ ይህንም አልደብቅም።

ውኃውን መጀመሪያ የጠጣች ቀን ሰዓቴን አየሁ፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ጠብታው በወደቀ ቁጥር አገጯን ከፍ እያደረገች ዋጠች። ነጩ በሦስተኛው ቀን ነጭ ሆነ። ጣቷ አልጠቆረም፤ እብጠቱ ጎድሏል፣ ጥፍሯ ግን ወድቋል። ዓይኗ በዘጠነኛው ቀን፣ የደብረ ታቦር ዕለት ማግስት እንደ መርፌ ቀዳዳ ተከፈተ፤ አሁን ሙሉ ነው፣ ትንሽ ጭጋግ የቀረበት ይመስለኛል። ቡሄ በሰላም አለፈ። ጅራፉ ሲጮህ ልጄ ጆሮዋ ይኖር ከነበረበት ቦታ ላይ እጁን ጋርዶ ቆሞ ነበር፤ እሷ ተኝታለች።

ምግቡ ግን ብዙ አስጠበቀን። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ነሐሴ 17 ጠዋት፣ ዱቄት የለበሰች ትንሽ ፌንጣ ኩባያው ውስጥ ጨመርኩ። ቀለሜ በሁለቱም ዓይኖቿ አየቻት። የተቆረጠ እጇን ሁለተኛው እንጨት ላይ ጣል አድርጋ ደገፍ አለች። ምላሷ ወጣና የኩባያውን ጠርዝ መታ። ሰበሰበችው። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፣ ቅድ ያለ ቀሚስ በጉልበቴ ላይ አለ። ሁለተኛው ወንፊቱን መታ። በሦስተኛው ፌንጣዋ ጠፋች፣ የቀለሜ መንጋጋ ደግሞ ይሠራ ጀመር፤ አፏ ጥግ ላይ የእንቁላል ዱቄት ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ከሳሙና በር ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ቃሌን አልበላሁም። የባለቤቴ እናት ቁስቋም ጌሾ አላቸው፣ በአጥር የተከበበ። ዝናቡ ሲያባራ፣ በጥቅምት፣ ምላሷ ከሦስት ሁለቱን ከመታ እዚያ እንሞክራታለን። ካልሆነ ፈቃዱን የምጠይቅበትን ቢሮ አንተ ታሳየኛለህ።

ከሳሙና በር
ነሐሴ 20

አሳይሃለሁ። ለበዓል ሱፍ የማሰፋም ነኝ፣ በዚያው እመጣለሁ። ኪሎዋ ስንት ደረሰ?

ልብስ ሰፊው፣ አራዳ
ነሐሴ 21

ዛሬ መዘናት፤ 38 ግራም። አንጥረኛው ሚዛኑን እየጠረገ «ለጋብቻ ቀለበትህ እንኳ እንዲህ ደጋግመህ አላስመዘንክም» አለኝ።